እንግሊዛዊ የሌለበት የእንግሊዝ ቆንስላ

የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ስለ ኢራን ታሪክ ሳነብ እንግሊዝ በ1900 አካባቢ ሲስታን በሚባል የበረሃ ጠረፍ ላይ ቆንስላ ከፍታ እንደነበር አየሁ። እዚያ የሚኖር እንግሊዛዊ አልነበረም። ንግዱም ቢሆን ያን ያህል አይደለም። ታዲያ ቆንስሉ ምን ይሠራ ነበር? ሰላይ ነበር? በመጨረሻስ ከሩሲያ ጋር የያዙትን ፉክክር ማን አሸነፈ?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ቆንስሉ እዚያ የተቀመጠው ሩሲያ ሜዳውን ለብቻዋ እንዳትይዘው ነው። ሩሲያም ቆንስሏን የላከችው በዚያው ስጋት ነው። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ሊጠባበቁ መጡና ሥራ ፈጠሩ። የሚገርመው፣ ለሰበብ የተፈጠረው ሥራ ቆይቶ የምር ሥራ ሆነ። መንገድ፣ ሻይ፣ ቸነፈር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሃ።

ወደ ረጅሙ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፤ ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ካርታ ካለዎት ይክፈቱ። ኢራን፣ አፍጋኒስታንና ፓኪስታን የሚገናኙበትን ነጥብ ይፈልጉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ከፍ ሲሉ ዛቦል የምትባል ከተማ ያገኛሉ። ያኔ ነስረታባድ ትባል ነበር። በጭቃ ግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ምድረ በዳ ነው፤ መሬቷ ግን ውሃ ካገኘ ስንዴ አብቃይ ነው። ውሃውን የሚያመጣው የሄልማንድ ወንዝ ነው። ከካቡል በስተ ምዕራብ ካሉት ተራሮች ይነሳና ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ እዚሁ ሐይቅና ረግረግ ሆኖ ይቀራል። እንደኛው አዋሽ ማለት ነው። ሐይቁን ሃሙን ይሉታል። ሰዎቹ ከሸምበቆ በታሰረ ታንኳ እየተንሳፈፉ ዓሣና የውሃ ወፍ ያድናሉ። ጣናን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ ደግሞ ነፋሱ አለ። ከግንቦት ማለቂያ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ይነፍሳል። ስሙ በፋርስኛ «የ120 ቀን ነፋስ» ነው። አቧራውን እንዳለ ዓይን ውስጥ ያስገባዋል።

እንዲህ ያለ ቦታ ለንደንና ያኔ የእንግሊዝ ሕንድ መንግሥት መቀመጫ በነበረችው ካልካታ ውስጥ ሰው እንቅልፍ ያሳጣል ብሎ ማን ይገምታል? ግን አሳጣ።

ነገሩ የመጣው ከሰሜን ነው። ሩሲያ በ1880ዎቹ መካከለኛ እስያን እየዋጠች ስትወርድ ቆይታ መርቭን በ1884 ያዘች። የባቡር ሐዲዷ በ1885 አሽጋባት ደረሰ። አሽጋባት ከፋርስ፣ ማለትም ከዛሬዋ ኢራን፣ ድንበር አጠገብ ናት። የእንግሊዝ ሕንድ ጄኔራሎች ያኔ ካርታ ዘርግተው ማስላት ጀመሩ። ሩሲያ በአፍጋኒስታን ብትመጣ ተራራው አለ፣ አፍጋኖቹም አሉ። በምሥራቅ ፋርስ በኩል ብትመጣስ? በሰሜን ምሥራቅ ፋርስ ካለችው ከማሽሃድ ወደ ደቡብ፣ በቢርጃንድ አድርጎ ሲስታን፣ ከዚያ ወደ ባሉቺስታን ወይም ወደ ሕንድ ውቅያኖስ። መንገዱ ሜዳ ነው። ሲስታን ደግሞ ጦር የሚቀልብ ስንዴ አለው። በ1889 ፋርስን በፈረስ የዞረው ጆርጅ ከርዘን ከ1899 እስከ 1905 የሕንድ እንደራሴ ሲሆን፣ ይህ ስጋት የመንግሥት ፖሊሲ ሆኖ አረፈው።

እኔ በበኩሌ ስጋቱ የተጋነነ ነበር ባይ ነኝ። ከአሽጋባት እስከ ሲስታን ሐዲድ አልነበረም። እንዲያውም የፋርስ መንግሥት በ1890 በሩሲያ ግፊት ለ10 ዓመት በአገሩ ባቡር እንደማይሠራ ፈርሟል። ባቡሩን የምትፈራው እንግሊዝ፣ ባቡሩን የከለከለችው ሩሲያ! እርግጥ በ1900 የሩሲያ ቀያሾች ወደ ደቡብ ባሕር የሚወስድ መስመር ሲያጠኑ ታይተዋል። የካልካታን ሰዎች ለማስደንገጥ ያ በቂ ነበር።

አሁን ወደ ቆንስሉ እንምጣ። የዚህ ጠረፍ ቆንስሎች እኛ በምናውቀው መልኩ ዲፕሎማቶች አይደሉም። አብዛኞቹ ከሕንድ ጦር ወጥተው ወደ ሕንድ መንግሥት የፖለቲካ አገልግሎት የተዛወሩ መኮንኖች ናቸው። በጣም የታወቀው ፐርሲ ሳይክስ ነው። በ1894 ከእህቱ ከኤላ ጋር ከርማን ገብቶ እዚያ ቆንስላ አቋቋመ። በ1899 ደግሞ የሲስታኑን ከፈተ። በነገራችን ላይ ይህ ዓይነቱ ሰው ለኛም እንግዳ አይደለም። በ1898 የእንግሊዝ ወኪል ሆኖ አዲስ አበባ ምኒልክ ዘንድ የመጣው ጆን ሌን ሃሪንግተን ከዚያው ከሕንድ ጦር የመጣ መኮንን ነበር። ለንደን ራቅ ያለና አስቸጋሪ ቦታ ሲኖራት ሰው የምትፈልገው ከሕንድ ነው።

ይህ አመጣጥ አንድ ጣጣ ነበረው። ቆንስሉ ሁለት አለቃ አለው። ቴህራን ያለው ሚኒስትር፣ ማለትም የእንግሊዝ መልእክተኛ፣ የለንደን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰው ነው፤ ከሩሲያ ጋር መጋጨት አይፈልግም። የካልካታው መንግሥት ግን «እዚያች ቦታ ላይ አንድ ጫማ እንዳትለቅ» ባይ ነው። ወጪውን ማን ይችላል የሚለው ራሱ የዘወትር ጭቅጭቅ ነበር። ነስረታባድ የተቀመጠው ካፒቴን ታዲያ ለአንዱ የጻፈውን ለሌላው ትንሽ ለወጥ አድርጎ መጻፍ መልመዱ አይቀርም።

ቀኑን በምን ያሳልፍ ነበር? ባንዲራ ይሰቅላል። ቀልድ አይደለም፤ ባንዲራ ትልቅ ሥራ ነበር። የሕንድ ፈረሰኞች አጃቢ አሉት። ሩሲያዊው ደግሞ ኮሳኮች የሚባሉ የሩሲያ ፈረሰኛ ወታደሮች አሉት። አንዱ አጃቢ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል። በበዓል ቀን ማን ማንን ቀድሞ ይጠይቃል? አገረ ገዥው ወደ ማን ቤት አስቀድሞ ይሄዳል? ለሹማምንቱ የሚሰጠው ስጦታ የማን ይበልጣል? ጭቃ ቤት ባለባት ከተማ የሁለት ግዙፍ መንግሥታት ክብር በዚህ ይለካ ነበር። ሰፈር ውስጥ ሁለት ባለሱቆች ሲፎካከሩ አይተው ያውቁ የለ? በቃ እንደዚያ ነው።

ክሊኒክም ነበረው። ከሕንድ የመጣ ሐኪም በነፃ ያክማል። በዚያ አቧራ የዓይን በሽታ ሞልቷል። ለእኔ ክሊኒኩ ከባንዲራውም ከአጃቢውም የበለጠ የሠራ ይመስለኛል። ልጇ የታከመላት እናት ስለ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ፉክክር ምን ገዷት!

ሰላይ ነበር ወይ ላሉት፣ ነበር። ግን ካባ ለብሶ በሌሊት የሚሹለከለክ አይምሰልዎት። ወሬ የሚሰበስበው በግላጭ ነው። ነጋዴ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ያየውን ያወራል። ቆንስሉ ማስታወሻው ላይ ያሰፍርና በየጊዜው ይልካል። ስንት ግመል ገባ፣ የስንዴ ዋጋ ስንት ደረሰ፣ ሩሲያዊው ከማን ጋር ዋለ። የምሩ የስለላ መረብ የነበረው ማሽሃድ ነው። እዚያ በ1889 ዋና ቆንስላ ሲከፈት የመጀመሪያው ሹም ጄኔራል ማክሊን ነበር። እስከ ሄራትና እስከ ሩሲያ ግዛት ድረስ ደሞዝ የሚከፈላቸው ወሬ ጸሐፊዎች ነበሩት። ሲስታን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቅርንጫፍ ናት።

ንግዱ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ያን ያህል አይደለም» ማለትዎ ልክ ነው። ግን ንግዱ የተፈጠረው ሆን ተብሎ ነው። በ1896 በእንግሊዝ ሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ካለችው ከኩዌታ በኑሽኪ አድርጎ ሲስታን የሚደርስ አዲስ የሲራራ መንገድ ተከፈተ። ከኑሽኪ እስከ ሲስታን ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ ውሃ የለውም። ዌብ ዌር የሚባል መኮንን ጉድጓድ እያስቆፈረ፣ ማረፊያ ቤት እያሠራ፣ የጥበቃ ኬላ እያቆመ መንገዱን አቀና። ዓላማው የሕንድ ሻይ፣ ጨርቅና ቀለም በአፍጋኒስታን ሳያልፍ ወደ ኾራሳን፣ ማሽሃድ ወዳለችበት የፋርስ ክፍለ ሀገር፣ እንዲገባ ነው። የኩዌታ-ኑሽኪ ሐዲድ በ1905 ሲያልቅ ነገሩ ይበልጥ ቀለለ። ነጋዴ ካለ ቆንስል ያስፈልገዋል፤ ቆንስል ካለ ደግሞ ነጋዴ ሊኖረው ይገባል። ሕንዳውያኑ ነጋዴዎች በሕግ የእንግሊዝ ዜጎች ነበሩ። ስለዚህ «እንግሊዛዊ አልነበረም» የሚለው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። እንግሊዞቹ ቦምቤና ሺካርፑር የተወለዱ ነበሩ።

ሩሲያ ይህን መንገድ እንዴት አቆመችው? በሁለት ነገር። አንደኛው ቸነፈር ነው። በዚያው በ1896፣ እኛ አድዋ ላይ በዘመትንበት ዓመት፣ ቦምቤ ከተማ ቸነፈር ገባ። ሩሲያ «በሽታው ወደኔ እንዳይሻገር» ብላ በምሥራቅ ፋርስ የኳራንቲን መስመር ዘረጋች። ሐኪሞችና ኮሳኮች ቶርባት ሄይዳሪ ላይ ሰፈሩ። በሽታው እውነተኛ ነው፣ ስጋቱም አግባብ አለው። ግን የሚቆመው ከሕንድ የመጣው ግመል ነው። ሻይ የጫነ ነጋዴ ሳምንታት ወሸባ ከገባ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ መንገድ አይመለስም። ኮቪድ ስላለፈብን ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። በ1906 ደግሞ ቸነፈሩ ራሱ ሲስታን ገባ። ያኔ ሕዝቡ በኳራንቲኑ ላይ በቁጣ ተነሳ። የውጭ ሐኪም ሬሳና ሴት ሲመረምር ማየት ለዚያ አገር ሰው ከበሽታው የከፋ ነበር።

ሁለተኛው ጉምሩክ ነው። የፋርስ ሻህ በ1900 ከሩሲያ 22.5 ሚሊዮን ሩብል ተበደረ። መያዣው ከደቡቡ የባሕረ ሰላጤ ወደቦች በቀር የአገሪቱ የጉምሩክ ገቢ ነው። ጉምሩኩን የሚያስተዳድሩት ደግሞ በጆሴፍ ኖስ የሚመሩ ቤልጂጎች ናቸው። በ1903 አዲስ ታሪፍ ወጣ። ከሩሲያ የሚመጣው ዕቃ ቀረጡ ቀለለት፤ በሻይ ላይ ግን ከባድ ቀረጥ ወደቀ። ሻዩ ከየት እንደሚመጣ ልብ ይበሉ። የሲስታኑ ቆንስል ከቤልጂጉ የጉምሩክ ሹም ጋር ሲነታረክ መዋሉ ለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ፋርሶቹ የት ነበሩ? ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲተረክ እነሱ ይረሳሉ። የአካባቢው እውነተኛ ጌታ ቴህራን ሳይሆን የዓላም ቤተሰብ ነው። አንዱ ቢርጃንድ ሆኖ ቃይን የሚባለውን አካባቢ ይገዛል፤ ሌላው፣ ሀሽመት አል ሙልክ፣ ሲስታንን ይገዛል። ወንድማማቾች ናቸው፤ አይዋደዱም። ሁለቱ ቆንስሎች በዚህ ቁርሾ ሲጫወቱ እነሱም በቆንስሎቹ ይጫወቱ ነበር። ከአንዱ ብድር፣ ከሌላው ስጦታ፣ ከሁለቱም ደጋፊ ደብዳቤ ወደ ቴህራን። ቆንስሎቹ «ገዛነው» ብለው ሲጽፉ አገረ ገዥው ሊስቅ የሚችልበት ብዙ ቀን ነበር ብዬ አስባለሁ። ቤተሰቡም አልወደቀም። ቢርጃንድ ውስጥ በ1919 የተወለደው አሳዶላህ ዓላም በ1962 የኢራን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ፤ ውሃው።

እንግሊዝ በ1857 በፓሪስ ከፋርስ ጋር በተፈራረመችው ውል ፋርስና አፍጋኒስታን ሲጣሉ ለማስታረቅ ጥረት የማድረግ መብት አገኘች። በዚህ መሠረት ፍሬደሪክ ጎልድስሚድ በ1872 ሲስታንን ለሁለት ከፈለ። ለሙ ክፍል ለፋርስ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ለአፍጋኒስታን። ድንበሩ የሄልማንድ ዋና መውረጃ ይሁን አለ። ሁለቱም ወገን ለመስኖ የሚያስፈልገውን ውሃ የሚያጓድል ሥራ እንዳይሠራም ደነገገ። እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ቀና ማለቱ አይቀርም። በ1902 ሃሪንግተን ከምኒልክ ጋር በተፈራረመው ውል ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት የተጻፈው ቋንቋ ዘመዱ ነው። ልዩነቱ በሲስታን ክልከላው ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ በዓባዩ ግን አንዱን ብቻ።

ችግሩ ወንዙ ውል አያነብም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የምንለው ለሄልማንድም ይሠራል። በ1896 ጎርፍ መጣና ወንዙ አዲስ መውረጃ ከፈተ። እንግዲህ «ዋና መውረጃ» የቱ ነው? አሮጌው ወይስ አዲሱ? ከዚያ በኋላ ደግሞ ውሃው አነሰ። የሁለቱ አገር ገበሬዎች በቦይና በግድብ ተጣሉ። ሩሲያዊው ቆንስል ሚለር ፋርሶቹን ሊረዳ ዝግጁ ሆኖ ቆሟል። ካልካታ ተጣደፈች።

በ1903 መጀመሪያ ኮሎኔል ሄንሪ ማክማሆን ከኩዌታ ተነሳ። ስሙን ያውቁታል፤ በኋላ በሕንድና በቲቤት መካከል ያለው መስመር በስሙ የተጠራው፣ በ1915 ደግሞ ከመካው ሸሪፍ ሁሴን ጋር የተጻጻፈው እሱ ነው። ውሃና ድንበር ሊያካፍል የሄደው ሰው ወደ 1500 ሰዎችና ከ2000 በላይ ግመሎች አስከትሎ ነበር። ለዳኝነት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ቀያሽ፣ የመስኖ መሐንዲስ፣ ወታደር፣ ሐኪም፣ ሁሉም ነበሩ። ከሁለት ዓመት በላይ እዚያ ኖሩ። ወንዙን ለኩ፣ ቦዮቹን ቆጠሩ፣ መንደሩን ሁሉ በካርታ አሰፈሩ። ነፋሱ ድንኳን ገለበጠ፤ ያበደ ተኩላ ሰፈር ገብቶ ግመሎቹን ነከሰ። የዳኝነቱን ሥራ አላቃልልም፤ ስለ ሄልማንድ ዴልታ ያን ያህል የተሟላ ጥናት ከዚያ በፊት አልነበረም። ግን ያን ሁሉ ሰው ያየ የሲስታን ገበሬ «ዳኛ መጣ» ሳይሆን «ጦር መጣ» ቢል አይፈረድበትም። ሚለርም ያወራ የነበረው ይህንኑ ነው።

ፍርዱ በ1905 ወጣ። ባንድ ካማል ኻን የሚባለው ቦታ ከሚደርሰው ውሃ አንድ ሦስተኛው ለፋርስ ይሁን አለ። ከዚያ አንድ ቁም ነገር ተጨመረበት፤ ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፍፍሉን የሚከታተል፣ መስኖ የሚያውቅ እንግሊዛዊ መኮንን በሲስታን ቆንስላ በቋሚነት ይመደብ የሚል ነበር። አዩት? ሩሲያን ለመጠበቅ የተከፈተው ቆንስላ የወንዙ ቧንቧ ላይ እጁን ሊያኖር ነው። ቴህራን ግን አልተቀበለችውም። አንድ ሦስተኛ አንሶናል አለች። መኮንኑንም አልፈለገችም። ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ። ውሃ አካፋይ ሆኖ የገባ እንግዳ መቼ ይወጣል?

ፉክክሩን የዘጋው ሲስታን ውስጥ የሆነ ነገር አይደለም። ሩሲያ በ1905 በጃፓን ተሸንፋ ደክማለች። እንግሊዝ ደግሞ ዓይኗን ወደ ጀርመን አዙራለች። ነሐሴ 31 ቀን 1907 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ የእንግሊዙ አምባሳደር ኒኮልሰንና የሩሲያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኢዝቮልስኪ ፈረሙ። ሰሜን ፋርስ፣ ማሽሃድንና ኢስፋሃንን ጨምሮ፣ የሩሲያ የተፅዕኖ ክልል ሆነ። ከጋዚክ በቢርጃንድና በከርማን አድርጎ ባንዳር አባስ ከሚደርሰው መስመር ወዲህ ያለው ደቡብ ምሥራቅ የእንግሊዝ። መሃሉ ገለልተኛ። ሲስታን እንግሊዝ ድርሻ ውስጥ ገባች። በዚህ ካየነው እንግሊዝ አሸነፈች ማለት ይቻላል። ግን ነዳጁም ብዙው ሕዝብም ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከርዘን ራሱ ስምምነቱን ክፉኛ ነቅፏል።

ፋርስን ማንም አላማከራትም። ፓርላማዋን በ1906 የከፈተች አገር ናት፤ የተነገራት ከፊርማው በኋላ ነው። ቴህራን የነበረው የእንግሊዝ ሚኒስትር ስፕሪንግ ራይስ እንኳ አፍሮበት ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ። እኛም ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1906፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ በተፈራረሙት ውል ይህንኑ ቀምሰናል። ምኒልክ ውሉ ሲነገራቸው አመስግነው፣ ሉዓላዊ መብታችንን ግን የሚነካው ነገር የለም ብለው መለሱ። ፋርስም ተቃወመች፤ ግን በ1909 ሰሜኑ ላይ የሩሲያ ወታደር ገባባት።

ቆንስላው ከዚያ በኋላም አልተዘጋም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንዲያውም የሠራ ያህል ሠራ። ኒደርማየርና ሄንቲግ የመሩት የጀርመን ቡድን አፍጋኒስታንን ሊያስነሳ በ1915 ፋርስን ሲያቋርጥ፣ እንግሊዝና ሩሲያ፣ ትናንት የተጠባበቁት፣ በዚያው ጠረፍ ላይ አንድ ላይ ዘብ ቆሙ። ጀርመኖቹ ሾልከው ካቡል ገቡ። በ1916 የሲስታኑን የእንግሊዝ ጦር የመራው ሬጂናልድ ዳየር ነበር፤ በ1919 አምሪትሳር ላይ ባዶ እጁን የተሰበሰበ ሕዝብ ያስተኮሰበት ያው ሰው። ከርዘን ሲሟገትለት የኖረው የኑሽኪ ሐዲድም በጦርነቱ ሰበብ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ ዱዝዳብ ደረሰ። ዱዝዳብ በፋርስኛ «ውሃ ሌባ» ማለት ነው። ዛሬ ዛህዳን ትባላለች።

ውሃውስ? ኢራንና አፍጋኒስታን ያለ እንግሊዝ በ1973 ተፈራረሙ፤ ለኢራን በአማካይ በሰከንድ 26 ሜትር ኩብ። ሃሙን በድርቅ ዘመን ጭራሽ ይደርቃል። የሸምበቆ ታንኳዎቹ ደረቅ ጭቃ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ጊዜ አለ። በግንቦት 2023 የኢራንና የታሊባን ድንበር ጠባቂዎች በዚያ ጠረፍ ተታኩሰው ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሁለቱ መንግሥታት ሲወቃቀሱ የሰነበቱት በሄልማንድ ውሃ ድርሻ ነበር።